በሸቤ መንገድ የተሰበረችው ቡሎን

የጉዞ ትእዛዙ የደረሰን በኅዳር ወር፣ አንድ ቅዳሜ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ትእዛዙን የሰጠው የጦር አዛዥ አልነበረም፤ ከድር ነበር፣ ያውም በስልክ። «አሥር አለቃ፣ ዛሬ ሸቤ ካልሄዳችሁልኝ አለቀልኝ» አለ። ከድር ጥይት እንደ ዝናብ በሚወርድበት ቀን እንኳ አለቀልኝ ሲል ሰምቼው አላውቅም። ስለዚህ ነገሩ የምር መሆኑ ወዲያው ገባኝ።

እናንተ ልጆች ስለ ጦር ሜዳ ንገረን ስትሉኝ የምትጠብቁት ታንክና መድፍ ነው። እሱን የሚተርክ ሞልቷል፤ ጥይት ሲጮህ ያልሰማው ደግሞ ከሁሉም አስበልጦ ያወራል። እኔ የዚያን ቅዳሜ ውሎ እነግራችኋለሁ። ከሠራዊቱ ከተሰናበትን ስድስት ዓመት ሆኖን ነበር፣ መሣሪያችንም ሁለት መፍቻና አንድ ፒንሳ ብቻ ነበር። ቢሆንም ስለ ግንባሩ ልነግራችሁ የምፈልገው ነገር ሁሉ እዚያ ቀን ውስጥ አለ።

ከድር፣ ማርቆስና እኔ በአንድ ጓድ ውስጥ አብረን የተዋጋን ሰዎች ነን። እኔ ጂማ አወቱ መንደራ ተወልጄ ያደግሁ የነጋዴ ልጅ ነኝ፤ አሁን በአንድ ቡና መጋዘን ሚዛን ላይ እሠራለሁ። ማርቆስ የዳውሮ ሰው ነው፤ ያኔ መትረየስ ተኳሽ፣ ዛሬ ግድግዳ ለሳኝ፣ እሑድ እሑድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያኑ ዘማሪ። ከድር እናትና አባቱን በልጅነቱ ያጣ፣ ወንድም እህት የሌለው ሰው ነው። ከግንባር የተመለሰው ቀኝ እግሩ ከግራው ሦስት ጣት ያህል አጥሮ ነው።

ይህን ሁሉ ያመጣው ያ እግሩ ነው። ለሥራ ሸቤ ሄዶ ሳለ ሱሪ ሊያሰፋ አንዲት ልብስ ሰፊ ዘንድ ገባ። ሐዋ ትባላለች፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ሌላ ሰፊ ቢሆን «እግርህን ምን ነካው?» ብሎ ይጀምራል። እሷ ግን ሜትሯን ይዛ በርከክ አለችና ሁለቱን እግር ለየብቻ ለካች፣ ሁለት ቁጥር ጻፈች፣ «ሐሙስ ና» አለችው። በዚያ ዓመት ከድር አምስት ሱሪ አሰፋ። አምስት ሱሪ የሚያስፈልገው ሥራ እንዳልነበረው ማርቆስና እኔ እናውቃለን፤ ዝም ብለን ስናይ ቆየን፤ በመጨረሻ ሐዋ ራሷ «ሱሪውን ተውና ሽማግሌ ላክ» አለችው።

ችግሩ ወንድሟ ነበር። ጀማል ይባላል፣ የጭነት መኪና አለው፣ ከሸቤ አዲስ አበባ ቡና ያመላልሳል። ከእኛ ቀድመው ደግሞ የሌላ ሰው ሽማግሌዎች ገብተዋል፤ ሰውየው ዘመደ ብዙ ነው ይባላል። ጀማል በዚያ ቅዳሜ ከአስር ሶላት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሊነሳ ነው፣ ከመነሳቱ በፊትም ለእነዚያ ቃሉን ሊሰጥ ነው። ሐዋ ይህንን ለከድር ደውላ ነገረችው። የሚሠራ ሽማግሌ ካለ ከሶላቱ በፊት ይድረስ አለች።

ማርቆስ ይህን ሲሰማ ዘና አለ። «አሥር ላይ ከሆነማ ገና አራት ሰዓት አለን» አለ። አስር የሶላቱ ስም እንጂ ሰዓቱ አይደለም፣ የሚገባውም ዘጠኝ ተኩል ገደማ ነው ብዬ ስነግረው ኮቱን መቆለፍ ጀመረ። ሌላም ጉድለት ነበረብን። ሽማግሌ ሦስት መሆን አለበት፤ ሦስተኛችን የከድር ጎረቤት የሆኑ አዛውንት ነበሩ፣ የመክፈቻውን ጸሎት፣ ፋቲሃን፣ ቀርተው ነገሩን የሚከፍቱትም እሳቸው ናቸው። እሳቸው ግን ጠዋት ወገባቸው ተይዞ ከአልጋ መነሳት አቃታቸው። ስለዚህ አንድ ኦርቶዶክስና አንድ ጴንጤ ለሙስሊም ልጅ የሙስሊም ልጅ ልንጠይቅ፣ በአንድ ሞተር ብስክሌት፣ ልክ ሰባት ሰዓት ላይ ከጂማ ወጣን።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። የሞተሬ ካቴና ከላላ ሁለት ሳምንት አልፎት ነበር። በሄድኩ ቁጥር ሽፋኑን ቷ ቷ እያደረገ ይመታል። ማርቆስ ሁለት ጊዜ «አስወጥረው» ብሎኛል፣ እኔ ሁለቱንም ጊዜ «አንተ ኳየር ውስጥ ዘምር፣ እሱም ይዘምር» ብዬ አልፌያለሁ። በግንባር የመልእክት ሞተር የነዳሁ ሰው ነኝ፤ ስለ ሞተር ግድግዳ ለሳኝ እንዲመክረኝ አልፈለግሁም። ትዕቢት ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

ሰቃ ከተማን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር፣ ስምንት ሰዓት ከአምስት ላይ፣ ካቴናው ከጥርሱ ዘሎ ወጣ። ሞተሩ ይጮሃል፣ ጎማው አይዞርም። መልሰን አስገባነው። ሃምሳ ሜትር ሄደን ዳግመኛ ወጣ። በሦስተኛው ወረድን፣ ሞተሯን በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር አቆምን። በስተቀኛችን የአንድ ገበሬ ግቢ አለ፣ በቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቀይ ቡና ይታያል።

የሞተር ካቴና ሲላላ የሚወጥረው በኋላ ጎማ ግራና ቀኝ የተተከለ ረጅም ቡሎን ነው። በቡሎኑ ላይ ሁለት ዳዶ አለ። የውስጡ ጎማውን ወደ ኋላ እየሳበ ካቴናውን ይወጥራል፤ የውጪው ደግሞ የውስጡ እንዳይላላ ቆልፎ ይይዘዋል። የውጪውን ሳትፈታ የውስጡን መንካት አትችልም። የግራው በቀላሉ ተፈታ። በካቴናው በኩል ያለው የቀኙ ግን የአንድ ክረምት ጭቃና ዝገት በልቶት ከቡሎኑ ጋር አንድ አካል ሆኗል። ካቴናውን በየሳምንቱ ዘይት እቀባለሁ፤ መወጠሪያዋን አንድ ቀን ዞር ብዬ አይቻት አላውቅም።

ስምንት ሰዓት ከአሥር። የመጀመሪያውን ማጥቃት ጀመርን። እኔ የውስጡን ዳዶ ያዝኩ፣ ማርቆስ የውጪውን ገፋ። መፍቻው ሾልኮ የማርቆስን አውራ ጣት ከብረቱ ጋር አጋጨው። አፈገፈግን።

ስምንት ሰዓት ከሃያ። ሁለተኛው ማጥቃት። ከታንከሩ ትንሽ ቤንዚን ቀድተን አፈሰስንበት፣ በድንጋይ ዙሪያውን ቀጠቀጥነው፣ እንደገና ገፋን። ዳዶው ንቅንቅ አላለም። አንደኛው መፍቻ ግን አፉ ተከፈተ፤ ከዚያ በኋላ ምንም አይዝም። በዚህ መሐል ከድር ደወለ። ማርቆስ ደረቱን ነፍቶ ሁኔታው በቁጥጥራችን ሥር ነው፣ እየገሰገስን ነው አለው። እንዲህ ያለ ሪፖርት በግንባርም ስንት ጊዜ እንዳደረግን ታዘብኩ።

ከግቢው አንድ አዛውንት ወጡ። ረጅም፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ዕድሜያቸው ሰባን የሚጠጋ፣ በእጃቸው የወይራ ከዘራ ይዘዋል። «አካም ጅርቱ? ማል ታታን?» አሉን፤ ደህና ናችሁ፣ ምን ሆናችሁ ማለታቸው ነው። በአፋን ኦሮሞ ችግሩን አስረዳኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ተመልሰው ገብተው አንድ ክንድ ተኩል የሚሆን የብረት ቱቦ ይዘው መጡ። ቱቦውን በመፍቻው እጀታ ላይ ሰክተው እኔ እገፋዋለሁ፣ እናንተ ያዙ አሉን።

ስምንት ሰዓት ከሠላሳ አምስት። ሦስተኛው ማጥቃት። ማርቆስ ሞተሯን እንዳትወድቅ አቅፎ ያዘ። እኔ ከጎማው ሥር ተኝቼ በሁለተኛው መፍቻ የውስጡን ዳዶ ጨበጥኩ፤ የዝገት ብናኝ ዓይኔ ላይ ስለሚረግፍ ጨፍኛለሁ። «ሂካ» አልኳቸው፣ ይፍቱት ማለት ነው። አዛውንቱ ቱቦው ላይ ተጫኑ። ትንሽ ቆየና ጭጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዳዶው ተነቃነቀ! እሩብ ዙር ያህል መላላቱ በእጄ ተሰማኝ።

እንግዲህ ወታደር ነኝ። ምሽግ ሲሰበር፣ ሰው ወደፊት ሲል፣ የምንጮኸው አንድ ቃል ነው። ዓይኔን እንደጨፈንኩ፣ ሰውየውን ሳይሆን ዳዶውን፣ «ሂድ! ሂድ! ሂድ!» እያልኩ ጮህኩ።

ቱቦው ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ሲዞር ሰማሁ። ከዚያ አዛውንቱ «ቢስሚላህ» ብለው ባላቸው ኃይል ሁሉ ተጫኑበት። ቀጭ አለ። ዓይኔን ስገልጥ የቡሎኗ ጫፍ ከሁለቱም ዳዶዎች ጋር ደረቴ ላይ ወድቋል።

አዛውንቱ ላባቸውን እየጠረጉ፣ የተሰጣቸውን ሥራ በሚገባ እንደ ፈጸመ ሰው፣ ጥብቅ አድርጌ አስሬዋለሁ አሉ። ለምን ያስሩታል ብዬ ጠየቅኳቸው። ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም።

«አንተው አይደለህ ሂዺ ያልከኝ?» አሉ። «ደህና እየፈታሁ ሳለ ሂዺ፣ ሂዺ፣ ሂዺ ብለህ ጮህክ። የሞተር ሥራ ነው፣ ፈትቶ መልሶ ማሰር ይኖረው ይሆናል ብዬ አሰርኩ። በአንተ ስትጠራኝ እንኳ ጨንቆት ነው ብዬ ዝም አልኩህ።»

ሂዺ በአፋን ኦሮሞ እሰር ማለት ነው። ይህን ቃል የተማርኩት ከጎረቤት ልጆች ጋር ፍየል ስናስር፣ የአማርኛውን ሂድ ካወቅሁ ማግስት ነው። ሁለቱንም ቋንቋ ጡት እንደጠባሁ የማውቅ የጂማ ልጅ፣ በሁለቱ መሐል ቆሜ ቡሎን አሰበርኩ። ማርቆስ ሞተሯን እንዳቀፈ ሳቁን ለመያዝ ይንቀጠቀጣል። ምን ላድርግ፣ ተነስቼ አቧራዬን አራገፍኩና ይቅርታ ጠየቅኳቸው፣ ከይቅርታው ጋርም ስማቸውን ጠየቅኩ።

«አባ ጨብሳ» አሉ።

ጨብሳ ማለት ሰባሪ ነው። ማርቆስ ከዚያ በላይ መያዝ አልቻለም። «አሥር አለቃ፣ ስማቸውን ቀድመህ ብትጠይቅ ኖሮ» ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔም ሳቅሁ። አባ ጨብሳ መጀመሪያ ግራ ገባቸው፣ ከዚያ ሂድና ሂዺን እያነጻጸሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ለራሳቸው ደገሙት፣ ከዚያ ከሁላችንም በላይ ሳቁ። ስምንት ሰዓት ከአርባ ነበር። ሃምሳ ደቂቃ ቀርቶናል፣ ሞተራችን ቆሟል፣ ሦስት ጎልማሳና ሽማግሌ መንገድ ዳር ተቀምጠን እንስቃለን። ከድር ቢያየን ያለቅሳል።

ሳቁ ሲያልቅ ሥራው ጠበቀን። ጎማው የተሰካበት ዘንግ በሹካው ጫፍ ባለ ረጅም ቀዳዳ ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ ይንሸራተታል። ጎማውን ወደ ኋላ ስበን የዘንጉን ዳዶ ብናጠብቅ ካቴናው ይወጠራል፤ ግን የሚይዘው ቡሎን ስለሌለ ዳገት ላይ ካቴናው ሲስብ ተመልሶ ወደፊት ይሄዳል። ከዘንጉ ፊት ቀዳዳው ውስጥ አንድ ጠንካራ ነገር መሸጎጥ አለበት። ድንጋይ ሞከርን፣ ተፈረካከሰ። ከአጥር የተሰበረ እንጨት ሞከርን፣ ዘንጉ ጨፈለቀው። «የቸገረው እርጉዝ ያገባል» አልኩ፣ ማንኛውም ነገር ይሁን ለማለት። ለሽምግልና የሚሄድ ሰው የማይተርተው ተረት መሆኑን ያስታወሰኝ ማርቆስ ነው።

አባ ጨብሳ ቀዳዳውን በጣታቸው ለኩ። ከዘራቸውን አገላብጠው አዩት። ከዚያ ገጀራቸውን አስመጥተው ከከዘራው ታችኛ ጫፍ አንድ ጣት የሚያህል ቆረጡ። ተዉ ብል አልሰሙኝም፣ ወይራ ነው፣ ብረት አይበልጠውም አሉ። ተቀምጠው ቁራጩን በቢላዋ መጥረብ ጀመሩ፣ እየጠረቡም ወዴት እንደምንሄድ ጠየቁኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ሐዋ፣ ስለ ጀማል፣ ሦስተኛ ሽማግሌ እንደሌለን፣ ከአስር ሶላት በፊት ካልደረስን ልጅቱ ለሌላ ቃል እንደሚሰጥባት።

«ልጁስ እንዴት ያለ ነው?» አሉ፣ ቢላዋቸውን አቁመው።

ጥሩ ሰው ነው ማለት ቀላል ነው፤ ሽማግሌ ሁሉ እንደዚያ ይላል። ስለዚህ አንድ ቀን ብቻ ነገርኳቸው፣ እናንተም ስሙት።

ኮረብታው ስም አልነበረውም፣ ካርታው ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። ሦስት ቀን ያዝነው። በሦስተኛው ቀን ውሃ አለቀ። ምንጩ ከእኛ በታች ነው፣ ከማዶ ሸንተረር ደግሞ በግልጽ ይታያል። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከድር የሁላችንንም ኮዳ ለቃቅሞ ወረደ። ማንም አላዘዘውም። ከማዶ ተኩስ ተከፈተ። እኛም መለስን። ማርቆስ መትረየሱን አላቋረጠም። አንድ ሰዓት ላይ ከድር አልታየም። ሁለት ሰዓት ላይ በክርኑ እየተሳበ ወጣ። ኮዳዎቹን አንድ በአንድ አደለን። «አንዱ ተበስቶ ፈሷል፤ የኔ ነው» አለ። ጠጣን። እግሩ መመታቱን ያየነው ጠጥተን ከጨረስን በኋላ ነው።

ኮዳዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ምልክት የላቸውም። የተበሳው የማን እንደነበር ማንም ሊያውቅ አይችልም። የኔ ነው ያለው እሱ ነው። ይህን ለአባ ጨብሳ ስነግር ማርቆስ ፊቱን ወደ ቡናው አዞረ።

አባ ጨብሳ ጥርባቸውን ጨረሱ፣ ማርቆስ ጎማውን በቱቦው ወደ ኋላ ገፋልን፣ የወይራውን ሽብልቅ ቀዳዳው ውስጥ በድንጋይ መታንና አስገባነው፣ የዘንጉን ዳዶ አጠበቅን። ካቴናው ተወጠረ። ጎማውን አዞርኩት፣ ያለ ድምፅ ዞረ። ጉዳታችንን ቆጠርን፦ አንድ ቡሎን፣ አንድ መፍቻ፣ አንድ ከዘራ፣ የማርቆስ አውራ ጣት ጥፍር። ስምንት ሰዓት ከሃምሳ አምስት ሆኗል። ላመሰግናቸው ዞር ስል አባ ጨብሳ የሉም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ኮፊያቸውን ደፍተው፣ ያጠረ ከዘራቸውን ይዘው ከግቢው ወጡ።

«ቡሎናችሁን የሰበርኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ሦስተኛውም እኔ ልሁናችሁ።»

ሦስት ሰው በአንድ ሞተር ክልክል ነው፤ እናንተ እንዳታደርጉት። እኔ ፊት፣ እሳቸው መሐል፣ ማርቆስ ከኋላ። ሽብልቁ ይይዛል አይይዝም እያልኩ ዳገት ላይ ሁለት ጊዜ ቆሜ አየሁት፣ ወይራው በቦታው አለ። አባ ጨብሳ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሞተር ተቀምጠው አያውቁም። መጀመሪያ ላይ ወገቤን ጨምድደው ቁርኣን ይቀራሉ። አንድ አምስት ኪሎ ሜትር ስንሄድ እጃቸው ላላ። ሁለተኛው ቁልቁለት ላይ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ፣ ፍራቻ መስሎኝ ስቀንስ «ፍጠን እንጂ» አሉኝ። ከኋላ ማርቆስ መዝሙር ጀመረ፤ እሳቸውም ዜማውን ወደውት መሰለኝ ራሳቸውን ያወዛውዙ ነበር። ከጦር ሜዳ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የነዳሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ሸቤ ገባን። የጀማል መኪና በሩ ላይ ቡና ጭኖ፣ ሞተሩ ተነስቶ ቆሟል። ጀማል ራሱ ለሶላት ታጥቦ፣ ውዱእ አድርጎ ከግቢው ሊወጣ ሲል ተገናኘን። ሃምሳ የሚሆነው፣ ቁጥብ፣ ዓይኑ የደከመ ሰው ነው። ሽማግሌ መሆናችንን ሲያውቅ በአክብሮት ተቀመጡ አለ። አባ ጨብሳ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ፣ እንደ ወጉ። ፋቲሃ ሲቀሩ ጀማል መዳፉን ዘረጋ፣ ማርቆስና እኔም ዘረጋን። ከዚያ ከድር የሚባለውን ልጅ ስም ጠርተው እህትህን ስጠን አሉ።

ጀማል ልጁን እንደሚያውቀው፣ መጥፎ እንዳልሆነ፣ እህቱም እንደምትወደው ተናገረ። ከዚያ ወደ አባ ጨብሳ ዞሮ እርስዎ ለልጁ ምኑ ነዎት አላቸው። አባ ጨብሳ የማይዋሹ ሰው ናቸው። ልጁን አይቼው አላውቅም፣ እኔ የእነዚህን ሰዎች ቡሎን የሰበርኩ ነኝ አሉ። ጀማል ሳቁን ዋጠ። ፊቱ ግን ወዲያው ተመልሶ ከበደ።

«አልከፋም፣ ግን ልንገራችሁ» አለ። «እህቴ ባሏ የሞተ ጊዜ ብቻዋን ነው የቀረችው። የሚያባብላት ሰው እንኳ አልነበረም። አሁን ለዚያኛው ልስጥ ያልኩት ሀብቱን አይቼ አይደለም፤ ወገን ስላለው ነው። ነገ አንድ ነገር ቢመጣ በሩ ላይ ሃያ ሰው ይቆማል። የናንተ ልጅ ማን አለው?»

አባ ጨብሳ እኛን አዩ። ማርቆስ እኔን አየ። ሰውነቴ ሳላዘው ቀጥ ብሎ ቆመ፣ እጄ ከጎኔ ተጣበቀ፣ ጠዋት ጠዋት ስም ስንጠራ እንደምናደርገው።

«አሥራ አንድ ወንድም ነበረው» አልኩ። «ሦስታችን በሕይወት አለን። እኔ፣ ማርቆስና ሰኮሩ ሻይ ቤት ያለው ታምራት። ሌሎቹ አበበ፣ ጥላሁን፣ የአጋሮው ሐሰን፣ ገመቹ፣ ኃይሉ፣ ዳንኤል፣ ኑሪ፣ ምትኩ ናቸው። ስምንቱ እዚያው ቀርተዋል።»

ምትኩ ከእኛ ጋር የቆየው ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ አዲስ ተመድቦ መጥቶ ገና ስሙን ሳንለምደው ሞተ። እሱንም እኩል ጠራሁት።

ጀማል ወጣና የመኪናውን ሞተር አጠፋ። ሲመለስ እነዚህ ሁሉ በሕይወት ኖረው ለሰርጉ ቢመጡ ይቺ ግቢ ትበቃ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። ማርቆስ አትበቃም፣ ጥላሁን ብቻውን የሦስት ሰው ነው የሚበላው አለ። ጀማል በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ አፉ ሳቀ። ከአንገት በላይ ሳቅ አልነበረም።

«ስማቸውን ጻፍልኝ» አለኝ። «በኒካሁ ቀን ዱዓ ይደረግላቸዋል።»

ከስምንቱ ሙስሊሞቹ ሁለት ብቻ መሆናቸውን ነገርኩት። የጠየቅኩህ ስማቸውን ነው አለ። ይህ እሺታው መሆኑ የገባኝ አባ ጨብሳ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ሁለታችንንም ትከሻችንን ይዘው ሲያስቀምጡን ነው። ከቤቱ ውስጥ የልብስ ስፌት መኪናው ድምፅ ያን ጊዜ ቆመ፤ እስከዚያ ድረስ ስትሰፋ እንደነበር አላስተዋልኩም።

ጀማል ከኪሱ የጭነት ወረቀት አውጥቶ ጀርባውን ሰጠኝ። ጻፍኩ። ስምንት ስም ግማሽ ገጽ አይሞላም። ሰው ሲሞት ያየ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ለወራት አብሮህ የተኛ፣ የሳቀ፣ የተጣላህ ሰው በመጨረሻ በአንድ መስመር ይገባል። ያን ቀን ግን ያ መስመር ለአንድ ሰው ቤት ሠራለት። ከዚያ በላይ ስለ ጦርነት የማውቀው ጥሩ ነገር የለኝም። ጀማል ወረቀቱን አጥፎ በደረት ኪሱ ከተተ፣ አዛኑም ተሰማ፣ ከአባ ጨብሳ ጋር ወደ መስጊድ ሄዱ።

ለከድር ደወልኩለት። ፈቅደዋል ስለው አልቅሶ ይሁን ስቆ ያልለየሁት ድምፅ አወጣ። ትንሽ ቆይቶ ምን ጠየቁን አለኝ፤ መህሩ፣ የሙሽራዋ ጥሎሽ፣ ስንት ነው ማለቱ ነው። መህሩን ከአንተ ጋር ይነጋገራሉ፣ የእኛን ልጆች ስም ነው የጠየቁት፣ በኒካሁ ዱዓ ሊያደርጉላቸው ነው፣ ጽፌ ሰጠሁ አልኩት።

«ምትኩንስ ጻፍከው?» አለኝ።

«ጽፌዋለሁ» አልኩት።